የሚታጠፈውና የሚቀመጠው

ጎረቤቴ ሰዓዳ ትናንት አመሻሹ ላይ መጣችና ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ከዓረብ አገር ከገባች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም፤ ቤታቸው አሁንም እንኳን ደህና መጣች በሚል ሰው ይሞላል ይጎድላል። የሰዓዳ ፊት ግን ግማሹ ደስታ ግማሹ ጭንቀት ነበር። «ከድጃ፣ አንቺ ያለፍሽበት ስለሆነ ነው የምጠይቅሽ» አለችኝ። «ልጄ እዚሁ ልሥራ ብላ ኮምፒውተር ልትገዛ ነው። የሚታጠፈውን ላስገዛት የሚቀመጠውን?» እኔ ደግሞ ሰው ነገር ሲጠይቀኝ ጫፉን ይዤ ካልጀመርኩ መልሱ አይመጣልኝም። ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ልጄ ዘይነባ ከመንገዱ ዳር ባለው ክፍል አሮጌውን የኮምፒውተር ሳጥን አስነሳችው። ማራገቢያው አጉረመረመና ያ የሞቀ አቧራ ሽታ፣ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ የሚወጣውን የመሰለው ሽታ፣ በበሩ በኩል መጣ። በቃ፣ ሰዓዳን ድንጋዩ ላይ ትቻት በሐሳብ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ደስ ደስ ያለው ሰሞን ነበር። የታሰረው ተፈታ፣ የተሰደደው ገባ እየተባለ፣ ሻይ ቤት ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው እንደ ወንድም የሚጨባበጥበት። ምን እንደተለወጠ ጠይቁኝ ብትሉኝ አላውቀውም፤ ብቻ የተለወጠ ነገር ነበር፣ አየሩ ላይ ይሸታል። ባጃጅ ከከተማችን ከሐይቅ መናኸሪያ አንስታ እስከ ውኃው ዳር በሦስት ብር ታደርሰን ነበር፤ ዛሬ ሦስት ብር አውጥቼ ብሰጠው ሾፌሩ ለማስታወሻ የሰጠሁት ይመስለዋል። ሾፌሮቹ ፍላሽ ይሰኩና እኛ በሠርግ በጭብጨባ ብቻ የምንለውን አምባሰል ከበሮና ኦርጋን ጨምረውበት ያስጮሁታል፤ መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ ኋላ ግን እግሬ ሳያስፈቅደኝ መሬት ሲመታ ያዝኩት። ከአስፋልቱ ወደ ውኃው በሚታጠፈው ጥግ ላይ ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ምጣዳቸውን ደርድረው «ነይ እማ፣ ትኩሱን!» ይላሉ፤ ዓሣው አሁንም አለ፣ ሴቶቹ ግን ሌሎች ናቸው። ከዓረብ አገር የሚመለሱት ልጆች ደግሞ እጅጌው ላይ ወርቃማ ጥልፍ ያለበት ጥቁር አባያ ለብሰው፣ ሽቷቸው ቀድሟቸው መንገድ እየተሻገረ ይመጣሉ። ሽቶው ሲደርስ «እገሊት መጣች» እንላለን፤ ልጅቷ ራሷ ከደቂቃ በኋላ ትደርሳለች።

የእኔም ዘይነባ እንዲሁ ሽቶዋ ቀድሞ ነው የገባች። ዘይኑ ነው የምንላት። ስትሄድ ያቀፍኳት ልጅ፣ ስትመለስ ያቀፈችኝ ሴት ሆና ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በጤና መጣች፤ ሥጋም አረድን፣ ዱዓም አስደረግን። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ሻንጣዋን አልጋዋ ሥር አላስገባችውም፤ ከበሩ ኋላ አቁማዋለች። እናት የሻንጣ አቋቋም ታነባለች። አልጋ ሥር የገባ ሻንጣ ዕቃ ነው፤ በር ኋላ የቆመ ሻንጣ ተጓዥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፤ ይህችን ልጅ ከዚህ ቤት ምን ያስቀራታል? ሰፈሩ ውስጥ እኮ መጥታ፣ ሰንብታ፣ ያመጣችውን ጨርሳ የተመለሰችው ስንትና ስንት ናት። ሁለተኛ የሄደች ልጅ ደግሞ ድምጿ በስልክ ሳይቀር ይቀየራል።

የኮምፒውተሩን ነገር ያነሳችው ራሷ ናት። ትሠራበት በነበረው ቤት የእመቤቲቱ ልጅ የጠገበውን አሮጌ ኮምፒውተር ጥሎላት፣ እየነካካች ብቻዋን ለምዳዋለች። «ማን አስተማረሽ?» ብላት «እየተሳሳትኩ» አለችኝ። ወላሂ ያን ጊዜ ልቤ ሞቀ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጥቂት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ስኳሩን ወደ ቆርቆሮ እገለብጥና ጋዜጣውን አነባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ግማሽ ላይ ተቀዶ ስለሚቀር የቀረውን እኔ እጨርሰው ነበር። ወሬ መፍጠር የለመድኩትም እዚያ ነው። እና ዘይኑ በዚህ ቤት፣ መንገድ ዳር ባለው ክፍል ፎቶ ላንሳ፣ ማመልከቻ ልጻፍ፣ መንዙማና ዘፈን ለሰው ሜሞሪ ላይ ልጫን ስትል «ይሁን» ያልኩት ሳላመነታ ነው። ችግሩ የመጣው የቱን እንግዛ ላይ ነው።

እሷ የሚታጠፈውን አለች። «እማ፣ እዚህ አገር መብራት ስንቴ ነው በቀን የሚሄድ? የሚታጠፈው መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ሠርግ ቤት ይዤው እሄዳለሁ፣ ገጠርም ይዤው እወጣለሁ።» እውነቷን ነበር፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ይዤው እሄዳለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ጠላቴ ነበር። የሚቀመጠው ግን ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ወንበር ይፈልጋል፣ ገመዱ ግድግዳ ይፈልጋል፤ እንደ ምሰሶ ነው፣ ቤቱ ሳይፈርስ አይነቀልም። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም። ለእሷ የነገርኳት «የሚቀመጠው ግርማ አለው፣ ደንበኛ ያከብረዋል» ብዬ ነው።

ባለቤቴ ሰይድ የእኔ ወገን ሆነ፤ በራሱ ምክንያት ግን። ሰይድ ዕድሜውን ሙሉ ውጫሌ ገበያ ከብት የነገደ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው በሬ ያደርገውና ያስበዋል። ትልቋን ልጃችንን ሊጠይቅ የመጣውን ሰው እንኳ ሸኝቶት ሲመለስ «ሰኮናው ጠንካራ ነው፣ እንስጠው» ያለኝ ሰው ነው። ስለ ኮምፒውተሩም ጠይቆ ጠይቆ፣ አንደኛው ከባድ ሌላኛው ቀላል መሆኑን ሲሰማ ጨረሰ። «የከበደውን ነው። ቀላል በሬ የት ያርሳል?»

ደሴ ሦስታችንም አብረን ሄድን። ዘይኑ አባያዋን ትታ ቀሚስ ለበሰች፤ ሰይድ የገበያ ካፖርቱን ደረበ፤ ዱላውንም ያዘ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሚታጠፈው ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፤ የሚቀመጠው ሳጥኑ ጥቁር፣ ስክሪኑ ሰፊ። ባለሱቁ ሳቂታ ወጣት ነበር። ሰይድ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ጀርባውን አዙሮ የገመድ ቀዳዳዎቹን እንደ ጥርስ ቆጠራቸው፤ ከዚያ ጨርሶ ተወውና ወደሚታጠፈው ዞረ።

«ወይ ግሩም!» አለ። «ይሄ ነው እንጂ! እዩት እስቲ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ የለው። ቆዳው እንዴት ያምራል! እንዲህ ያለ ዓይቼም አላውቅ።»

ዘይኑ ፊቷ እንደ ጨረቃ በራ። ቀና ብላ አየችኝ፤ አባቴ የእኔን ወደደልኝ ነው ነገሩ። እኔ ግን ባሌን አውቀዋለሁ። የከብት ገበያ ሕግ ነው፤ የፈለግከውን በሬ አታመሰግንም፤ አጠገቡ ያለውን ነው የምታሞግሰው። ሻጩ የአንተ ልብ ወዲያ ነው ብሎ ሲያስብ፣ የፈለግከውን እንደ ዋዛ ትጠይቃለህ። ዘይኑ ለዓመታት ከአገር ስትርቅ ይህን ረስታው ነበር።

ሰይድ የሚታጠፈውን ሲያወድስ ቆየና ሊወጣ እንደተነሳ ሰው ዞር ብሎ «ያኛውንስ… ያንን ግዙፉን፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ ስንት ትለዋለህ?» አለ።

ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አባቴ፣ የእኔም አባት ውጫሌ ገበያ በሬ እየሸጠ ነው ያሳደገኝ። ከገቡ ጀምሮ ልብዎ ከትልቁ ላይ አልተነሳም።»

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለ ሰይድ ደንግጦ፤ ሲነግረው አባቱን አወቀው፣ ተቃቀፉ፣ ሱቁ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ያልሳቀችው ዘይኑ ብቻ ናት። «አባ» አለች ቀስ ብላ፣ «የእውነትህን ያመሰገንከው መስሎኝ ነበር እኮ።» ሰይድ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ባለሱቁ ነገሩ ገባውና ለእሷ በወጉ አስረዳት፤ የሚቀመጠው ቢበላሽ ዕቃው በየቦታው ይገኛል፣ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ደንበኛ ፎቶውን ቆሞ ያያል፣ በዚያው ዋጋ ማተሚያውም ይጨመራል። ሰምታ ሰምታ «ትልቁ ይሁን» አለችና ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ከፈለች። ላቧ ነበር፤ እኛ አላዋጣንበትም።

ሚኒባሱ ውስጥ ስክሪኑን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ እሷ ሳጥኑን በእግሮቿ መካከል ይዛ ተቀመጥን። ከከተማው እንደወጣን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እማ፣ የሚታጠፈውን ብገዛ ይዤው የምጠፋ መስሎሽ ነው አይደል?»

ውሸት አልችልበትም። «አዎ» አልኳት።

«እኔ መሄድ ካሰብኩ እኮ ባዶ እጄንም እሄዳለሁ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ እሱ ነው የከበደኝ። እስከ ሐይቅ ድረስ ያን ስክሪን አቅፌ፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ሄድኩ።

ሥራው ግን ደራ። መብራት ሲሄድ ዘይኑ እጇን አጣምራ ወደ ጠቆረው ስክሪን በአገጯ ታመለክተኛለች፤ ሰይድ ደግሞ በበሩ ሲያልፍ «አረፈ እንጂ አልሞተም፤ በሬም በቀትር ያርፋል» ይላል። «የእኔ በሬ ከማረሱ ማረፉ በዛ፣ አባ» ትለዋለች። ደንበኛው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ወሬውን እየቀጠለ፣ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ አግዳሚ ላይ የተጠነሰሰ ጋብቻ አለ። በዚያ ክፍል ያላለፈ ሰው የለም። ለፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ወጥተው በእግራቸው የሚመጡ ቆሎ ተማሪዎች፣ ለግሸን ንግሥ መጥተው መኪና እስኪሞላ የሚጠብቁ እንግዶች፣ መታወቂያ የሚያወጡ ገበሬዎች። ከሁሉ የሚበዙት ግን ፓስፖርት ሊያወጡ ፎቶ የሚነሱ ልጃገረዶች ነበሩ። ዘይኑ ሻሻቸውን ታስተካክልላቸውና «ቀና በይ፣ አትሳቂ» ትላቸዋለች። አንዷ «አንቺስ መቼ ነው የምትመለሽ?» ብትላት፣ እኔ ወዲህ ሆኜ ብሰማ፣ ዘይኑ «ወደ ግራ ትንሽ ዙሪልኝ» አለቻት። ሻንጣው አሁንም በሩ ኋላ ነው።

አንድ ጠባይ ነበራት፤ ያነሳችውን ፎቶ አትሰርዝም። «ቦታ አልጣበበሽም?» ስላት «እማ፣ ሰው እንዴት ይሰረዛል?» ትለኛለች። ሁሉንም በየሰፈሩና በየቀበሌው ከፋፍላ ታስቀምጣለች። ሰይድ ወደዚያ ክፍል ብዙም አይገባም፤ ሲገባም ስክሪኑን ነው የሚያየው፣ ያ ነው ለእሱ ኮምፒውተር ማለት። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳጥን፣ ሱቅ ውስጥ መታ መታ ያደረገውን እንኳ ረስቶት፣ እንደ ምድጃ ጉልቻ ነው የሚቆጥረው።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። መጀመሪያ ከሰሜን በኩል ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በአስፋልቱ ማለፍ ጀመረ፤ ውኃ እናቀብላለን፣ እናሳድራለን፣ እናዝናለን፤ ወደ እኛም ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ቀጥሎ ውጫሌ ገበያው ቀረ፤ ሰይድ የገበያ ካፖርቱን ማክሰኞም ሐሙስም ለብሶ ደጅ ይቆም ነበር፣ የሚሄድበት ግን የለም። ቀጥሎ የመድፉ ድምፅ ከአምባሰል ተራሮች ወዲያ መጣ፤ ነጎድጓድ ነው እንዳንል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብለው «ከድጃ፣ ልጅቱን ይዘሽ ውጪ! እኔ የታመመ ባል ጥዬ የትም አልሄድም፤ አንቺ ግን ውጪ!» አሉኝ። ቴሌቪዥናቸውን ገለባ ሥር ሲቀብሩት በቀዳዳው አየኋቸው።

ሰይድ አህያውን አመጣ። ሽሮና በርበሬ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ጫንን። ከዚያ ወደ ዘይኑ ክፍል ገባና ገመዱን ነቅሎ ስክሪኑን በጋቢው ጠቅልሎ፣ እንደ ዕንቁላል አድርጎ፣ አህያው ላይ ከላይ አሰረው። ኮርቶ ነበር። «በይ ልጄ፣ ኮምፒውተርሽን አትርፌልሻለሁ» አላት። ዘይኑ አየችው፤ ልትስቅም ልታለቅስም አልቻለችም፤ ጊዜም አልነበረም። ሮጣ ወደ እኔ የልብስ ሳጥን ሄደች፤ አንቀልባውን አወጣች። እሷን ራሷን ያዘልኩበትን፣ ዛጎሉ የረገፈውን የቆዳ አንቀልባ። ጥቁሩን ሳጥን በሻሽ ጠቅልላ፣ አንቀልባው ውስጥ አስገብታ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ማሰሪያውን ደረቷ ላይ አጠበቀችው።

«ያረቢ! ልጄ፣ ተይው! ነፍስ ይቅደም!» አልኳት።

«እማ» አለችኝ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ሸክሙን እያመቻቸች፣ «ከባዱን የመረጣችሁት እናንተ አይደላችሁ?»

መንገዳችን ወደ ሰይድ እህት አገር፣ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ተራራ ነበር። ሰው እንደ ጉንዳን ሰልፍ ዳገቱን ይወጣል። ዘይኑ ልክ ልጅ እንዳዘለች ሴት እጇን ወደ ኋላ ልካ ሳጥኑን ደገፍ እያደረገች ትሄዳለች። ሰውም ያየው እንደዚያ ነው፤ «ትለፍ፣ ሕፃን ይዛለች» እያሉ መንገድ ይለቁላታል። ከዳገቱ አጋማሽ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ለሚያልፈው ውኃ ያድላሉ። ዘይኑን ሲያዩ ወደ ውስጥ ገቡና በትንሽ ቅል ወተት ይዘው ወጡ።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ለሕፃኑ። ጠዋት የታለበ ነው።»

«እናቴ፣ አላህ ይስጥልኝ። ይህ ሕፃን ወተት አይጠጣም።»

«ውይ፣ ታሟል? ድምፁም የለ። ታዲያ ምን ይጠጣል?»

ዘይኑ መዋሸት አልፈለገችም። «መብራት ነው የሚጠጣው፣ እናቴ» አለቻቸው።

አሮጊቷ ሻሹን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ጥቁሩን ቆርቆሮ አዩት። እኛ ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ መልሰው ሸፈኑትና መታ መታ አደረጉት። «ቀን የሚያሳዝለው ብዙ ነው። ላንቺ ልጅሽ ከሆነ አላህ ያሳድገው» አሉ። ወተቱን ለዘይኑ ራሷ አጠጧት። እኚያን ሴት ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም፤ በዱዓዬ ውስጥ ግን ስም የሌላቸው አንድ ሰው አሉ፣ እሳቸው ናቸው።

ጀምበሯ ሳትጠልቅ አንዱን ጉብታ ስንወርድ አህያው ተንሸራተተ። ጋቢው ተፈታ፤ ስክሪኑ ድንጋይ ላይ ወድቆ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ተሰነጠቀ። ሰይድ ቆሞ አየው። ብዙ በሬ የሞተበት ሰው ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ፊቱ ተሰበረ። ሰው በፊቱ አይደል የሚታወቅ፣ ፊቱን ላትርፍ ብዬ እኮ ነው» አላት።

«አባ፣ አይዞህ» አለችው። «አንተ የያዝከው መስኮቱን ነው። ቤቱ እኔ ጀርባ ላይ ነው።»

ሰይድ መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ ጀርባዋን፣ ቀጥሎ የተሰበረውን። «ሱብሃነላህ!» አለ። «እኔ ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ መስኮት ነው የጫንኩት?» ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከኋላችን የሚመጣው ሰው ያበድን መስሎት አልፎን ሄደ።

የሰይድ እህት ቤት ሰነበትን። ሳጥኑ ባዶ ጎታ ውስጥ ተቀመጠ፤ ዘይኑ በየጠዋቱ ክዳኑን ገልጣ አይጥ እንዳልገባበት ታያለች። ስልክ አይሠራም፣ ወሬ በሰው አፍ ብቻ ነው የሚመጣ፤ አንዱ ከተማው ተቃጥሏል ይላል፣ ሌላው ደህና ነው ይላል። አንድ ቀን ማሽላ እየለቀምን ሳለ ያን ሁሉ ጊዜ ያፈንኩትን አወጣሁት። «ዘይኑ፣ ስንመለስ ትሄጃለሽ?» ቀና ብላ ወደ ሐይቁ አየች፤ ከዚያ ተራራ ላይ ውኃው እንደ መዳፍ ነው የሚታይ። «እማ፣ አሁን አትጠይቂኝ፤ ብመልስልሽ የምመልስልሽ ፍርሃቴን ነው» አለችኝ። ማሽላውን መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋትም።

ስንመለስ ቤቱ ቆሟል፤ በሩ ግን የለም። በር ከሌለ ደግሞ የበር ኋላ የለም። ዘይኑ ሻንጣዋ ይቆምበት ወደነበረው ቦታ ሄዳ ቆመች። ጠረጴዛው፣ ማተሚያው፣ ካሜራው፣ ብርድ ልብሱ፣ የሰይድ የገበያ ካፖርት ሳይቀር ሄዷል፤ ሻንጣውም አብሮ። በከተማው የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ታጥፎ ሄዶ ነበር። «ሻንጣዬ ብቻውን ሄደ» አለች። ስቃ ይሁን አዝና እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኔትወርክ እንደተመለሰ ደግሞ የመጀመሪያው ስልክ ከጅዳ ነበር፤ አብራት ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ናት። ድምጿ ከስልኩ አልፎ ይሰማኛል። «ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ! ቲኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ፣ ሥራም አለ።» ዘይኑ «ትንሽ ታገሺኝ» አለቻት። ሻንጣ መቼም ይገዛል፤ ባዶ እጄንም እሄዳለሁ ያለችኝን አልረሳሁም።

እትዬ ብርቄ ናቸው ያስነሱን። ባላቸው በዚያ ሰሞን ዐርፈው፣ በወጉ እንኳ ሳይለቀስላቸው ተቀብረዋል። መብራት የተመለሰ ዕለት በአጥሩ በኩል መጥተው «ዘይኑ፣ ያን ጥቁር ሳጥን አትርፈሻል ይላሉ። የባሌን ፊት አለሽ? መታወቂያ ሲያሳድስ አንቺ ነሽ ያነሳሽው። ቤት የነበረው ሥዕል ሁሉ ከነመስታወቱ ተረግጧል» አሏት። ዘይኑ «እትዬ፣ ያለውስ አለ፤ ማሳያ ነው የሌለኝ» አለቻቸው። እትዬ ብርቄ ተመልሰው ሄዱ፤ ከዚያ ሰይድን ጠርተው ቴሌቪዥናቸውን ከገለባው አስወጡት። ዘይኑ ገመዱን ሞከረች፣ ገጠመ። ሳጥኑ አጉረመረመ፤ ያ የሞቀ አቧራ ሽታ፣ ከጎታውና ከዳገቱ ያመጣው አቧራ፣ ቤቱን ሞላው። ቴሌቪዥኑ በራ። ዘይኑ የሰፈሩን ፎቶዎች ከፈተች፣ አንድ በአንድ አሳለፈች፣ ቆመች። ሰውዬው ያቺን የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ «አይሳቁ» ተብለውም በከንፈራቸው ጫፍ ሊስቁ ምንም ሳይቀራቸው፣ ከነሙሉ ግርማቸው ወጡ። እትዬ ብርቄ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ለቅሶው የዚያን ጊዜ ነው የተለቀሰ፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ እስላም ክርስቲያኑ፣ በወጉ፣ ሰውየውን ፊት ለፊት እያየ።

ከዚያ ወሬው ወጣ። የሐይቅ ሰው መጣ፣ የአምባሰል ሰው ከውጫሌ ወዲያ ሳይቀር በእግሩ መጣ። አንዷ የሠርጓን፣ አንዱ የልጁን፣ ተማሪው የፈተና ጉርድ ፎቶውን። ሰይድ አንድ ወይፈን ሸጦ ስክሪንና ማተሚያ ገዛላት፤ በዚያ ቀን ሱቅ ገብቶ ምንም ነገር አላሞገሰም፣ የፈለገውን በቀጥታ «ይህን» ብሎ ነው ያመጣው፤ ለሰይድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛዋ ከጅዳ እንደገና ስትደውል እኔ በሩ ላይ፣ አዲሱ በር ላይ፣ ቆሜ ነበር። አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘይኑ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ እጇ ሥራውን ሳያቆም፣ «እህቴ፣ የዚህ አገር ሰው ፊቱን እኔ ጋ አስቀምጧል። ጥዬው የት እመጣለሁ?» አለቻት። ይህን ነው የሰማሁ። ጓዳ ገብቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ።

ዛሬ ሁለቱም አላት። የሚታጠፈውን ሠርግ ቤት ይዛው ትሄዳለች፣ ተመልሳም ትመጣለች። አሮጌው ሳጥን ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ለእሱ ብላ ነው በሳምንት አንድ ቀን የምታስነሳው፣ እንዳይረሳ። እኔ እስከ ዛሬ ከባዱን መምረጣችን ልክ ነበር ባይ ነኝ፤ ማንም አያሳምነኝም። ያስቀራት ክብደቱ ነው ብዬ ግን አልከራከርም፤ አንቀልባውን ሳልነግራት ያወጣችው እሷ ናት።

ሰዓዳ ይህን ሁሉ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ስትሰማ ቆየችና ተነፈሰች። «አይ ከድጃ! እኔ የጠየቅኩሽ እኮ ስለ ዕቃ ነው።»

«እኔም ያወራሁሽ ስለ ዕቃ ነው» አልኳት። «ልጅሽ ሻንጣዋን የት ነው ያቆመችው?»

ሰዓዳ ወደ ቤታቸው አጥር ዞር ብላ አየች። «ከበሩ ኋላ» አለች።

«እንግዲያው የወደደችውን ትግዛ። ሻንጣውን ግን እንዳትነኪባት። ጊዜው ሲደርስ እሷው አልጋ ሥር ታስገባዋለች፣ ኢንሻአላህ።»

ሰዓዳ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። ከውስጥ ማራገቢያው ዝም ሲል ሰማሁ፤ ዘይኑ ሱቁን ልትዘጋ ነው። «እማ!» አለችኝ ዘይኑ፣ «ልጁ መብራቱን ጠጥቶ ተኝቷል፤ አቧራ እንዳይገባበት አንቀልባውን አቀብይኝ።»